ሐረር ወይስ ስድስት ኪሎ

ክበባችን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚጓዘው። ሁለተኛ ዕድል ስለሌለ «ዘንድሮ ወዴት እንሂድ» የሚለው ጥያቄ ከመስከረም ጀምሮ ሲያነጋግረን ይከርማል። በዚህ ዓመት ግን ክርክሩ ጠንከር አለ። የሥዕል መምህሩ ባልደረባዬ ሐረር ካልሆነ አለ፤ የወላጆች ኮሚቴ ከአዲስ አበባ እንዳትወጡ አለ። እኔ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ፤ ክበቡን የምንመራው እሱና እኔ ነን። ሁለቱንም ወገን ሰምቶ ዕቅዱን ለርእሰ መምህሩ ማቅረብ የእኔ ድርሻ ሆነ። በሁለት ቀን የምጨርሰው መስሎኝ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ከዘጠነኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ያሉ 42 አባላት አሉን። ግማሹ ይጽፋል፣ ግማሹ ይሥላል፣ ጥቂቶቹ ሁለቱንም ይሞክራሉ። ጉዞውን ልጆቹ «ትሪፕ» ይሉታል፤ ወላጆች «ሽርሽር» ይሉታል፤ በትምህርት ቤቱ ማኅተም በሚወጣው ደብዳቤ ላይ ደግሞ «የመስክ ጉብኝት» ተብሎ ይጻፋል። ክርክሩ ብዙ ጊዜ የማይገጥመው ለዚህ ነው። ለሽርሽር ያን ያህል ገንዘብ አይወጣም የሚል ወላጅና ለጉብኝት የሚወጣው ያን ያህል ማነስ የለበትም የሚል መምህር ስለ አንድ ነገር የሚነጋገሩ ይመስላቸዋል እንጂ እየተነጋገሩ አይደሉም።

የባልደረባዬን ሐሳብ ላስቀድም። ሐረርን ያውቃታል፤ በልጅነቱ ክረምቱን አጎቱ ዘንድ ያሳልፍ ነበር። «ልጆቻችን ቀለም የሚያውቁት ከስልክ ነው» ይላል። ቀለም በግድግዳ፣ በስፌት፣ በልብስ ላይ ሆኖ ከሰው ጋር ሲኖር አላዩም። ጀጎል ውስጥ አንድ ጌይ ጋር፣ ማለትም የሐረሪ ቤት፣ ቢገቡ ግን ገና ከደጃፉ ዓይናቸው ሥራ ይይዛል። ነደባው፣ ማለትም የመቀመጫው መደብ፣ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ ይወጣል፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ግድግዳው ላይ የተደረደረው ስፌት እያንዳንዱ የራሱ ቦታ አለው፤ አንዱ ቢጎድል የቤቱ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። «ፎቶውን ክፍል ውስጥ ብታሳያቸው ያዩታል፤ አይቀመጡበትም» አለኝ። ይህችን አባባሉን ስንት ቀን አብሰለሰልኳት።

እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን ጆሮ ነው። ሐረር ገበያ ውስጥ የቆመ ሰው ጌይ ሲናን (ሐረሪኛን)፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ በአንድ ትንፋሽ ይሰማል። የልብስ ሰፊዎቹ ጎዳና «መኪና ግርግር» ይባላል፤ የስፌት መኪናው ድምፅ የመንገድ ስም ሆኖ ቀርቷል። የድምፅ ቃላትን ሳስተምር ከመማሪያው መጽሐፍ የምጠቅሰው ምሳሌ ሁልጊዜ ያው ነው፤ ልጆቹም ይጽፉታል፣ ለፈተና ያጠኑታል፣ ይረሱታል። አንድ ልጅ በመኪና ግርግር ሲያልፍ ድምፁን ከስሙ ጋር አንድ ላይ ቢሰማ ግን ትምህርቱ አብሮት የሚኖር ይመስለኛል። ከ42ቱ ብዙዎቹ ከአዲስ አበባ ወጥተው አያውቁም። የራሳቸው ያልሆነ ቋንቋ ቤት፣ ገበያና ቀልድ ሆኖ የሚኖርበት ከተማ ውስጥ ሦስት ቀን መዋል መጻፍ ለሚፈልግ ልጅ ትንሽ ነገር አይደለም።

ደግሞ ሌሊቱ አለ። አብሮ ማደር ክበብን ክበብ ያደርገዋል። ክፍል ውስጥ ግጥሙን ለማንበብ እጁ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ያለማንም ግፊት ሊያነብ ይችላል። ይህን በከተማ ውስጥ በሚደረግ የቀን ጉብኝት ላገኘው አልችልም፤ ልጆቹ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ታክሲ ሰልፍ ናቸው።

ታዲያ ሐረርን ለጉዞው የሚያጩት ሰዎች በመጀመሪያ የሚጠቅሱት አርተር ራምቦን ነው፤ እዚህ ላይ ከባልደረባዬ ጋር ተለያየን። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ከ1880 እስከ 1891 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ወደ ሐረር እየተመላለሰ ኖሯል። የመጣው ግን ግጥም ሊጽፍ አልነበረም። ግጥሙን ገና ሃያ ዓመት ገደማ ሳለ ትቶት ነበር፤ ሐረር ውስጥ የቡና፣ የቆዳና የጦር መሣሪያ ነጋዴ ነው። ዛሬ በስሙ የሚጎበኘው ያማረ ቤትም እሱ ከሞተ በኋላ የተሠራ ነው፤ አልኖረበትም። ለሥነ ጽሑፍ ጉዞ ይህ ስስ መሠረት ነው ብዬ ተከራከርኩ። ባልደረባዬ መልስ አላጣም። «እንግዲያው ያንን ጠይቃቸው። በሃያ ዓመቱ ዓለም ያደነቀውን ግጥም የጻፈ ሰው ለምን ብዕሩን አስቀመጠ? ደግሞ ያልኖረበት ቤት ለምን በስሙ ተጠራ?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ይህ ጥያቄ ከብዙ ሙዚየም ማብራሪያ ይበልጣል። የቤቱ ባዶነት ራሱ ያስተምራል የሚለውን ልቀበለው እችላለሁ። ነገር ግን ለዚህ ትምህርት 525 ኪሎ ሜትር መጓዝ ያስፈልጋል ወይ ሲባል ያመነታሁበት ነጥብ ሆኖ ቀረ።

ሌላው የሐረር ስም ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው፤ ይህኛው ሁለታችንንም አንድ አድርጎን ነበር። በ1924 ዓ.ም. ሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የብራና መጻሕፍትን በሥዕልና በሐረግ የሚያስጌጡ ሰው ነበሩ። ልጁ ኮሎኝ፣ ጀርመን ሄዶ ተምሮ ሲመለስ በአገራችን ባልተለመደ ረቂቅ ሥዕል መጣ፤ ግጥምም ጻፈ፤ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» የሚለው የግጥም መድበሉ የታተመው ካለፈ በኋላ ነው። ከአገር ወጥቶ በ1981 እ.ኤ.አ. ኦክላሆማ ውስጥ ዐረፈ። ለሚሥልና ለሚጽፍ ክበብ ከእሱ የተሻለ ሰው ማግኘት ይከብዳል። እንዲያውም የጉዞውን ርእስ «ሠዓሊው ባለቅኔ» ልንለው ተስማማን።

ከዚያ ሥራዎቹ የት እንዳሉ ስንጠያየቅ ነገሩ ተገለበጠ። ጀርመን ቀርተው የነበሩ ሥዕሎቹ ተመልሰው የሚታዩት በስሙ በተሰየመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል ነው። ያስተማረበት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ የዛሬው አለ ትምህርት ቤት፣ አዲስ አበባ ነው። የተወለደበትን አየር ሐረር ታገኛለህ፤ እጁ የነካውን ሸራ ግን ስድስት ኪሎ አካባቢ። ልጆቹን ወደ የትኛው ነው መውሰድ ያለብኝ? ሰው ወደተፈጠረበት ወይስ ሥራው ወዳለበት? ባልደረባዬ «ሥራውን የሠራው ያ አየር ነው» ይላል። እኔ ደግሞ ሠዓሊን የማውቀው በሥዕሉ ነው እላለሁ። ሁለታችንም ተሳስተናል ብዬ አላምንም፤ ይህንኑ ለርእሰ መምህሩ ስነግረው «ታዲያ ምን ልፈርም?» አለኝ።

ወደ ወላጆቹ ልምጣ። የእነሱን ሐሳብ ፍርሃት ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ልክ ግን አይደለም። ሐረር በአውቶቡስ የሙሉ ቀን መንገድ ነው። ከለቡ ጣቢያ ባቡር ይዞ ድሬዳዋ ወርዶ ከዚያ ዳገቱን በመኪና መውጣትም ይቻላል፤ ያም ቢሆን መሄጃና መመለሻው ሁለት ቀን ይበላል። ለ42 ልጆች ሁለት መምህራን ነን። አንዲት እናት ቢሮ ድረስ መጥተው «መምህር፣ ልጄን ላንተ ሰጥቼ አምኜ አድራለሁ፤ መንገዱን ግን አላምነውም» አሉኝ። ምን ልመልስላቸው? መንገድ ላይ የሚሆነውን ሁላችንም እንሰማለን። የሴት ልጆች ወላጆች ደግሞ ስለ ማደሪያው ይጠይቃሉ፤ ከክበቡ አባላት ከግማሽ በላይ ሴቶች ናቸው፤ የሚታደርበት ጉዞ ሲከለከል የሚቀሩት በብዛት እነሱ ናቸው። በደንብ የሚጽፉትም እነሱ ናቸው።

ገንዘቡ ይብሳል። ለሐረር ያወጣነው የነፍስ ወከፍ ሒሳብ ለአንዳንዱ ቤተሰብ የወር የቤት ኪራይ ያህል ነው። «የሚችል ይክፈል፣ ለማይችለው እናዋጣ» ይባላል፤ እኔም ዓምና ለትንሹ የከተማ ጉዞ ይህንኑ ብዬ ነበር። ዝርዝሩን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፍን፤ ያልከፈሉት ተለይተው እንዲታወቁና እንዲረዱ። በጉዞው ቀን አንድ የዐሥረኛ ክፍል ልጅ አሞኛል ብሎ ቀረ። በሳምንቱ ደብተሩን ሳርም፣ ባልሄደበት ጉዞ ላይ ሁለት ገጽ ጽፎ አገኘሁ፤ ጓደኞቹ የነገሩትን ሰብስቦ የሄደ አስመስሎ። አልታመመም ነበር። ስሙን ሰሌዳ ላይ ማየት አልፈለገም። ያ ዝርዝር የእኔ ስሕተት ነው፤ በራሴ እጅ ነው የለጠፍኩት። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዞ ዋጋ ሲነሳ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ያ ሁለት ገጽ ነው።

ይህን ሁሉ ሰምቶ አዲስ አበባን መምረጥ ይቀላል። ግን ቅርብ መሆን በራሱ ጉዞን ጥሩ አያደርገውም፤ ዓምና ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ቅርብ ነው ስንል ሁሉንም በአንድ ቀን ማየት እንችላለን አልን። ጠዋት ብሔራዊ ሙዚየም፣ ከዚያ ገነተ ልዑል ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ ከዚያ ፒያሳ፣ ከዚያ ብሔራዊ ቴአትርና ፊት ለፊቱ የቆመው የሞሪስ ካልካ አንበሳ፣ በመጨረሻ ወመዘክር። አምስት ቦታ! ብሔራዊ ሙዚየም የቆየነው 25 ደቂቃ ነው። ልጆቹ ወርደው ከድንቅነሽ ጋር ፎቶ ተነሱ፤ ላይ ያሉትን ሥዕሎች በሩጫ አዩ፤ እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ «ቶሎ፣ ቶሎ» እያልኩ እጄን አጨበጭብ ነበር። የቤት ሥራውን ሳርም ከ30 በላይ ልጆች የጻፉት አንድ ዓይነት ነው፤ «ብዙ ነገር አየን፣ በጣም ደስ ይል ነበር»። እጄን ያጨበጨብኩት እኔ ስለሆንኩ ሌላ እንዲጽፉ መጠበቅ አልችልም።

በዚያው ቀን ግን ያላቀድነው ነገር ሆነ። ከገነተ ልዑል ስንወጣ የተኮናተርነው አውቶቡስ የለም፤ ሾፌሩ ነዳጅ ሰልፍ ይዟል። አርባ ደቂቃ ያህል ስድስት ኪሎ፣ የካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት ዘንድ ጠበቅን። ጥበቃውን አነጋግረነው አስገባን። ልጆቹ መጀመሪያ ደረጃው ላይ ተቀምጠው በሶና ዳቦ በሉ። ከዚያ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ተነስታ ሐውልቱን መዞር ጀመረች። በየቀኑ በታክሲ በአጠገቡ ታልፋለች፤ ቤቷ ሽሮ ሜዳ ነው። ዙሪያውን በነሐስ የተቀረጹትን ሰዎች፣ የሚገደሉትንና የወደቁትን፣ ከቅርብ ስታያቸው የመጀመሪያዋ ነበር። የእርሳስ ሥዕል ደብተሯን አውጥታ አንድ እጅ ብቻ መሣል ጀመረች። ሙሉውን ሰው አይደለም፤ ከተደራረበው አስከሬን የወጣ አንድ እጅ። ሦስት ጊዜ በላጲስ አጠፋችው። «ቲቸር፣ ጣቶቹ እኮ አልሞቱም» አለችኝ። ጠጋ ብዬ አየሁ፤ ዓመታት ሙሉ ያለፍኩበት ሐውልት ነው፤ ጣቶቹን አላየኋቸውም ነበር።

አውቶቡሱ ሲመጣ ልጅቷን ከዚያ ማስነሳት ከበደኝ። ከሄድንባቸው አምስት ቦታዎች ሁሉ የቀረልን በፕሮግራሙ ላይ ያልነበረው ስድስተኛው ነው።

እዚህ ላይ የሐረርንም የአዲስ አበባንም ወገን የሚመለከት ነገር ታየኝ። ሥዕልና ሥነ ጽሑፍ አንድ ጉዞ ውስጥ እናስገባቸው እንጂ ከጉዞ የሚፈልጉት የተለያየ ነው። የግድግዳ ሥዕል፣ የነሐስ ቅርጽ፣ አፈወርቅ ተክሌ ለአፍሪካ አዳራሽ የሠራው 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት ካሉበት አይነሱም፤ አንተ ነህ የምትሄደው። መጽሐፍ ግን አንተ ያለህበት ድረስ ይመጣል። ሀዲስ ዓለማየሁ በልብ ወለዳቸው መንኩሳ ድረስ ሳትሄድ መንኩሳን ሰጥተውሃል፤ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ትውልድ አብዛኛው ጎጃምን በዓይኑ አላየም፤ ሰብለ ወንጌልን ግን ያውቃታል። እንግዲህ ለሥነ ጽሑፍ ሲባል የሚደረግ ጉዞ የሚጨምረው ምንድን ነው?

የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነ አንድ አባላችን መልስ ነበረው። «ሐረርም አዲስ አበባም ይቅር፤ ጎጃም እንሂድ» ብሎ ስብሰባ ላይ ተነሳ። መንኩሳን፣ ዲማ ጊዮርጊስን፣ የልብ ወለዱ በዛብህ የተማረበትን ዓይነት የቅኔ ጉባኤ እንይ፤ የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን ይዞ ሲወጣ፣ የኔታ ቅኔ ሲነግሩ እንስማ አለ። ልቤ ወደዚያ ነው የሄደው፤ አልደብቅም። ቅኔ በወረቀት ላይ ሲነበብ ግማሹ ይቀራል፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ነገር ግን መምህሩ ሲፈታውና ሰሙን ገፎ ወርቁን ሲያወጣው ነው ሕይወት የሚያገኘው። እዚህ ላይ ሥነ ጽሑፍም እንደ ግድግዳ ሥዕል ካለበት የማይነሳ ይሆናል፤ የሚኖረው ሰው አፍ ላይ ስለሆነ። ያ ልጅ የእኔን «መጽሐፍ ወደ አንተ ይመጣል» የሚል ክርክር በአንድ ሐሳብ አፈረሰው።

ግን በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. ክረምት ከተነሳው ግጭት ወዲህ ልጆችን ወደዚያ ይዞ ለመሄድ የሚደፍር መምህር የለም፤ እኔም አልደፍርም። ልጁ ይህን ሲሰማ «ሰላም ሲሆን እኔ ተመርቄ እሄዳለሁ» ብሎ ተቀመጠ። ከአዲስ አበባ አድባራት በአንዱ ቅኔ የሚያስተምሩ መምህር ጋብዘን ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ እንዲነግሩልን አስበናል። ምትክ ነው፤ ልኩ ግን አይደለም።

በሌላ ጊዜም ቢሆን የጎጃምን መንገድ ያለ ጥያቄ አልቀበለውም ነበር። ከዲማ አልፈን ጣና ብንደርስ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሁሉም ገብቶ ሥዕሉን ማየት ይችላል፤ ክብራን ገብርኤል ግን ሴት አትገባም። የገዳሙን ሥርዓት አከብራለሁ፤ ይሁንና ከግማሽ በላይ ሴቶች ያሉበትን ክበብ ጀልባ ላይ አስቀምጬ ወንዶቹን ብቻ ይዤ የምገባበት ዕቅድ አላወጣም። እንዲህ ያለው ነገር ከጉዞው በፊት ካልታሰበ እዚያ ደርሶ ልጆችን ያስከፋል።

የእምነቱ ጉዳይ አዲስ አበባም ሐረርም አለ። የድሮው ሥዕላችን አብዛኛው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ የሐረር ውበት አብዛኛው ከመስጊዱና ከመካናቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከተቆጠሩት ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 መካናት አሉበት። ክበባችን ውስጥ ሙስሊምም ክርስቲያንም፣ ጴንጤም አለ። አንዳንድ መምህራን «ጣጣ ስላለው ሙዚየም ብቻ ይሻላል» ይላሉ፤ ሙዚየም ማንንም አያስቀይምም። እኔ በዚህ አልስማማም። የሌላውን የጸሎት ቤት በአክብሮት፣ ጫማ አውልቆ፣ ከደጃፉም ቢሆን ቆሞ ማየት የሚችል ልጅ ማፍራት ካልቻልን ስለ ሥዕል የምናስተምረው ከንቱ ነው። ግን የማይፈልግ ልጅ ምክንያት ሳይጠየቅ ደጅ የሚቀርበት ነፃነት ይኑረው፤ ለዚያ ደግሞ አንድ መምህር ደጅ መቅረት አለበት። በእነዚህ ዓመታት ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተቀራርበው ስለሚመጡ ከየካቲት ጀምሮ የሚጾም ልጅ ብዙ ነው። ምንም ያልቀመሰን ልጅ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ማንከራተት ተገቢ አይደለም፤ ይህም ረጅሙን መንገድ ይቃወማል።

ስለ አዲስ አበባ ደግሞ አንድ የሚያስቸኩል ነገር አለ። ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ብዙው ፈርሷል። ልብ ወለዶቻችን ውስጥ የሚገኘው የድሮው ፒያሳ፣ ደራስያን የተቀመጡበትና ገጸ ባሕርያት የተመላለሱበት፣ እኔ የማስታውሰው ልጆቹ ግን የማያገኙት ቦታ ሆኗል። ስለ መፍረሱ ሰው የተለያየ አስተያየት አለው፤ ጠባቡንና የተጎሳቆለውን ቤት ያወቀ ነዋሪ ከእኔ የተለየ ትዝታ ይኖረዋል። ለሥነ ጽሑፍ መምህር ግን የቆመውን ሳይቆይ ማሳየት ግዴታ ይመስለኛል። ሀገር ፍቅር አለ፤ በ1927 ዓ.ም. በጠላት ወረራ ዋዜማ የተመሠረተ። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት አለ፤ ለባቡሩ ሥራ ተነስቶ ተመልሷል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ«ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» የጻፈላቸው አባት እዚያ ቆመዋል፤ ጣልያን የገደላቸው ሐምሌ 1928 ዓ.ም. ነው፤ የስድስት ኪሎው ሐውልት የሚያስታውሰው ጭፍጨፋ የደረሰው ከዚያ ሰባት ወር ያህል ቆይቶ። ድርሰቱን ክፍል ውስጥ አንብቦ፣ አንድ ሐውልት ሥር ቆሞ፣ ከዚያ ወደ ሌላው መሄድ ይቻላል። ይህ ለእኔ ሥዕልና ሥነ ጽሑፍ በእርግጥ የሚገናኙበት መንገድ ነው፤ ሁለቱም ስለ አንድ ዘመን፣ አንዱ በቃል ሌላው በነሐስ።

እናም ያቀረብኩት ዕቅድ ይህ ነው። በአንድ ትልቅ ጉዞ ፋንታ ሁለት ቅዳሜ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሁለት ቦታ ብቻ፤ አቡነ ጴጥሮስና የካቲት 12፤ ድርሰቱ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ተነቦ ያልቃል። በሁለተኛው ደግሞ የገብረ ክርስቶስ ማዕከልና መካኒሳ ያለው ዞማ ሙዚየም። ዞማን የመረጥኩት በጭቃና በጭድ የተሠሩት ግድግዳዎቹ ላይ ልጆቹ እጃቸውን እንዲያሳርፉ ነው፤ ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ከሽቦና ከተጣለ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሠራው ሥዕል ደግሞ «ቀለም መግዛት አልችልም» ለሚል ልጅ የሚነግረው ነገር አለ። በእያንዳንዱ ቦታ ከሁለት ሰዓት ያላነሰ። ከሁለቱ ሰዓት አንዱ ምንም የማይታዘዝበት፤ ልጁ የመረጠው ፊት የሚቀመጥበት። የትራንስፖርቱ ዋጋ በክበቡ ገንዘብ ይሸፈናል፤ ዝርዝር አይለጠፍም።

ባልደረባዬ አነበበውና ደብተሩን ዘግቶ ዝም አለ። ቆይቶ «ጥሩ ነው» አለ፤ «ግን ያው የሚያውቁት ፀሐይ ነው። የሚያውቁት ድምፅ፣ የሚያውቁት ታክሲ። ማታ እናታቸው ቤት ይገባሉ። አንድ ቀን እንኳ እንግዳ ሆነው አያውቁም፤ እንግዳ ሆኖ የማያውቅ ሰው ምን ይጽፋል?» አለ። አልመለስኩለትም። ስለ ገንዘቡ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ሴቶቹ ልጆች መልስ አለኝ፤ ለዚህ ግን ያቀድኩት ነገር ሁሉ መልስ አይሆንም። አንዲት ልጅ ቤቷ አጠገብ ያለ ሐውልት ላይ ያላየኋቸውን ጣቶች አሳይታኛለች ልለው አሰብኩ። እውነት ነው፤ ግን እሷ አንድ ናት። ሌሎቹ በሶ ይበሉ ነበር።

የተስማማነው በአንድ ነገር ነው። ሐረር ለከርሞ፣ ከዛሬ ጀምሮ በሚጠራቀም ገንዘብ፣ ሁሉም አባል እኩል በሚሄድበት ወይም ማንም በማይሄድበት መንገድ። በየወሩ ትንሽ ትንሽ የሚገባውን ገንዘብ ለማስቀመጥ አንዲት የሒሳብ መምህርት ፈቃደኛ ሆናለች፤ ማን ስንት እንዳስገባ ከእሷ በቀር ማንም አያውቅም። ከሴቶቹ ልጆች እናቶች ሁለቱ አብረው እንዲሄዱ ልጠይቃቸው ነው። መንገዱን አላምነውም ያሉኝ እናት አንዷ ይሆናሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ትናንት ደብዳቤውን አስገባሁ፤ ርእሰ መምህሩ ፈረመበት። ዛሬ ማስታወቂያውን ስናነብ የሽሮ ሜዳዋ ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ስድስት ኪሎ ስንሄድ አውቶቡሱ ቀድሞ ከመጣስ?» አለች። ይቆማል፣ ይጠብቀናል አልኳት።